የጀሌዎቹ መጨረሻ

ሰቆጣ፣ ጥር 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ለትእዛዙ፤

እንዴት ከርመሃል የኔ ጌታ? እኛ አለን። ልጄ አመተ ማርያም ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ድና ግቢውን ታተራምሰዋለች። ሳልጽፍልህ በመቆየቴ አትቀየመኝ። በልደትና በጥምቀት መካከል ጠላ የምትጠምቅ ሴት እጇ ለብዕር አይደርቅም።

«ጽሑፌ እዚያ ይደርሳል ወይ? የሚያነበውስ አለ?» ላልከው፣ ይደርሳል፤ ያውም እንዴት! መጽሔቱ በኮረም አውቶቡስ አንድ ፍሬ ብቻ ይመጣል። የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ የሚሰማው ግን ሰፈሩ ሙሉ ነው። ፊደል ያስቆጠሩህ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቀመጡና፣ ድርሳኑንና ተአምሩን በሚያነቡበት በዚያው ድምፃቸው ያንተን ተከታታይ ታሪክ፣ ጀሌ የምትላቸውን ጭራቆች፣ ያነቡልናል። «የእኔ ተማሪ የጻፈው ነው» እያሉ ይኮራሉ። ከገጠር የመጡት አማርኛው ሲጠጥርባቸው ቆም ብለው በኽምጣንጋ ይደግሙላቸዋል። ባለፈው እሑድ ጀሌዎቹ የአውሬውን ድምፅ ጎርሰው ከዋሻው ሲወጡ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። እኔ እንኳ፣ ደራሲውን አፍንጫውን እየጠረግኩ ያሳደግኩ፣ ፀጉሬ ቆመ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጀሌ የሚታወቀው ምላሱ ሰማያዊ በመሆኑ ነው ብለሃል። ይህ ሲነበብ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ማንን እንደሆነ ታውቃለህ? ካሤን። የቀበሌያችን ጸሐፊ ካሤ ስብሰባ ላይ ስም ሲመዘግብ ያንን ሲረጥብ ሰማያዊ የሚጽፈውን እርሳሱን በምላሱ እያራሰ ነው፤ አፉ ሁልጊዜ ቀለም ነው። ሳቅ ሆነ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሲስቅ ምላሱ ታየና ሳቁ ባሰ።

ሆን ብለህ ነው ወይስ እጅህ አምልጦህ? ካሤን እንደማልወደው ታውቃለህ። ግን አጥር ለአጥር ነን፤ ሚስቱ ማንጠግቦሽም የልጄ ክርስትና እናት ናት። ሳቁን ከሳቅሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ምን እንደሆነ አላወቅሁትም።

እኅትህ ለተጊዮርጊስ


አዲስ አበባ፣ ጥር 29 ቀን 1992 ዓ.ም.

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ?

እኔ ደኅና ነኝ፤ ሽሮዬም ደኅና ናት፤ የቤት ኪራዬ ብቻ አልፎ አልፎ ያመዋል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መሪጌታ እኔን ሲያነቡ! በልጅነቴ «አንተ ልጅ የትም አትደርስም» ያሉኝን ቆጥሬ ይዤባቸው ነበር፤ ዛሬ ይቅር ብያቸዋለሁ።

ሆን ብዬ ነው። አምና በዚያ እርሳስ አይደለም ወይ ካሤ አንቺን ስብሰባ ቀርተሻል ብሎ ከእርዳታው ስንዴ ያስቀረሽ? ምን እንዳለሽ ነግረሽኛል፤ «እኔ ምን ላድርግ፣ ከላይ ነው የመጣው» ነበር ያለሽ። ጀሌዎቹን የወለደችልኝ ያቺ ቃል ናት። አንድ ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸችብኝ።

አንዳንድ ሰው «ዋሻው ውስጥ ያለውን አውሬ ለምን አታሳየንም?» ይለኛል። አውሬው ብዙም አያስፈራኝም። እሱ አንድ ነው፤ አርጅቶም ይሞታል። የሚያስፈራኝ በገዛ እግሩ ገብቶ፣ ድምፁን ጎርሶ የሚወጣው ሰው ነው። ጠዋት ጎረቤትሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የአውሬው አፍ ነው። ይህን በግልጽ ብጽፈው አዘጋጃችን አቶ መልአኩ አያትመውም። ቢያትመው ሁለታችንም ቤታችን አናድርም። ጭራቅ ሳደርገው ግን ሰው ይገዛዋል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ጋደም ሲል ነገሩ ይገባዋል።

በሚቀጥለው እትም ደግሞ ጉድ ትሰሚያለሽ። ከጀሌ ጋር ከአንድ መሶብ የበላ ሰው ድምፁን ይቀማል። አቶ መልአኩ ሲያነበው ምሳውን ተወው። ካሤን ሰላም በይልኝ፤ እርሳሱን እንዳይውጠው አደራ።

ትእዛዙ


ሰቆጣ፣ የካቲት 15 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው። እኔም ልጄም በሥጋ ደኅና ነን።

እሑድ የሚካኤል ጽዋ ነበር፤ ተረኛው ካሤ ነው። ማንጠግቦሽ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠምቅና ስትጋግር ከረመች። ካሤ ከአበርገሌ ሙክት አስመጥቶ አረደ። ማኅበርተኛው ሁሉ እመጣለሁ ብሎ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ግን ያቺ ክፍል ተነበበች፤ ከጀሌ መሶብ የቆረሰ ድምፁን የሚቀማባት። ሰው ከዚያ ተነሥቶ ካሤ ቤት ሊሄድ በነበረበት ሰዓት!

መሪጌታ መጽሔቱን አጥፈው፣ ጽዋውን ይዘው መንገድ ጀመሩ። ዘወር ሲሉ የተከተላቸው የለም። አንዱ ላሙ ትዝ አለችው፤ አንዱ እንግዳ መጥቶበታል፤ አንዱ በድንገት ወገቡን አመመው። እሳቸውም ጽዋውን ካሤ ደጃፍ አስቀመጡና «መጣሁ» ብለው ሄዱ። አልተመለሱም።

እኔ አጥሬ ሥር ቆሜ አይ ነበር። ማንጠግቦሽ ደጇ ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች። አየችኝ።

«ነይ እንጂ ለተ! አንቺ እንኳ ነይ» አለችኝ።

«ድፍድፍ ላይ ነኝ» አልኳት።

ድፍድፉን ትናንት እንደጨረስኩ ታውቃለች፤ እንስራውን ያዋሰችኝ እሷ ናት። ፊቷን አዙራ ገባች። ሥጋውን በማግስቱ ለውሻ ሲሰጡት አየሁ።

ለምን እንዳልሄድኩ ልንገርህ። ጀሌ አለ ብዬ አይደለም፤ ስገባ የሚያየኝን ሰው ፈርቼ ነው። ትእዛዙ፣ ነገሩ አላማረኝም። ይህንን ታሪክ ቀዝቀዝ አድርገው።

ለተጊዮርጊስ


ሰቆጣ፣ መጋቢት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ደረሰችኝ። «ተማሪ ቤት ባለበት ከተማ ልብ ወለድ አምኖ ጎረቤቱን የሚሸሽ ሰው ይገኛል? አጋነንሽው» ብለኸኛል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ሲያዩት እንደዚያ ይመስላል።

ደጀ ሰላም ላይ በመሪጌታ ድምፅ የተነበበ ነገር ሐሰት ሆኖ አያውቅም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ዘንዶው በቅዱስ ሚካኤል ሲመታ ያነበቡልን እሳቸው፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ሰይጣን እንደ ሰው ለብሶ ሲመጣ ያነበቡልንም እሳቸው ናቸው። በየትኛው ቀን ተነሥቶ «ይሄኛው ግን የትእዛዙ ጨዋታ ነው» ያለን ሰው አለ? እሳቸውም አላሉም። አሁን ለማለት ፈርተዋል፤ «እስካሁን ያነበቡልንስ?» የሚላቸው ይመጣል።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅህም። ካሤ ስም ሲጠራ የምንቀጠቀጥ እኛ ነበርን። አሁን ስብሰባ ሲከፍት ሰው አፉን በጋቢው ይሸፍናል፤ እሱም የሚናገረው ይጠፋበታል። ልጆቹ «ምላስህን አሳይ!» እያሉ ይከተሉታል። ምርጫው ስለደረሰ ስብሰባው በዝቷል፤ ስብሰባው በበዛ ቁጥር ድንጋዩም ይበዛል። ማክሰኞ ገበያ የማንጠግቦሽን ቅቤ የሚያሸት እንኳ ጠፋ። ተሸክማው እንደወጣች ተሸክማው ገባች።

ያለፈው ሳምንት እትም ደግሞ መጣ፤ «ጀሌን ከእሳት በቀር የሚያጠፋው የለም» የሚለው። ካሤ ከእንግዲህ ደጀ ሰላም አይቀመጥም፤ ግን ሰምቷል። በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣ። ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ጠላ ቀዳሁለት፤ አልነካውም።

«ትእዛዙን ጠይቂልኝ እስቲ» አለኝ። «መጨረሻ ላይ ሰውየውን ምን ያደርጉታል?»

«የቱን ሰውዬ?»

«ያንን፤ የእርሳሱን።»

«ተረት ነው እኮ ካሤ።»

«እኔማ ተረት መሆኑን መች አጣሁት። እነሱ ናቸው ያጡት።»

«ለበላዮችህ አትነግርም?»

«ምን ብዬ? ሕዝቡ ጭራቅ ነህ አለኝ ልበል? ሕዝቡ ካልሰማህ ምን ታደርግልናለህ ብለው ያባርሩኛል። ከተባረርኩ ደግሞ የሚፈራኝ አይኖርም። አሁን ድንጋይ ብቻ የሚወረውሩት ትንሽ ስለሚፈሩኝ ነው፣ ለተ።»

ይህን ብሎኝ ቆቡን መልሶ ሳያደርግ ወጣ። ካሤ ራሱን ሳይሸፍን መንገድ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ እኔም ደነገጥኩ። ቤታቸው ሳር ክዳን ነው። ማንጠግቦሽ አለች፣ አልጋ የያዘችው እናቷ አለች፣ ልጆቹ አሉ።

እባክህ ወንድሜ፣ መጨረሻውን ንገረኝ። እሳት ከሆነ ለውጠው። በእናታችን ዐፅም ለውጠው።

ለተጊዮርጊስ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1992 ዓ.ም.

እታለም፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። የዘገየሁበትን ምክንያት ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

አሁን አንቺ ለካሤ ልታዝኚ ነው? ልጅሽ በረኃብ ስታለቅስ ያዘነልሽ ነበር? ትንሽ ቢፈራ ምን አለበት? እኛ ዕድሜ ልካችንን ፈርተን የለ። ደግሞም እኔ ታሪክ ጻፍኩ እንጂ ክብሪት አላከፋፈልኩም። አንባቢ ለሚሠራው ደራሲ ከተጠየቀ ማን ይጽፋል?

መጨረሻውን ጠይቀሽኛል። ተጽፎ አልቆ አቶ መልአኩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አዎ፣ እሳት ነው። ጀሌው ቤቱ ውስጥ እንዳለ ይቃጠላል፤ ሰፈሩም ጢሱ መሐል ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ድምፁን ይሰማል። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። አቶ መልአኩ ሲያነበው አለቀሰ። ይህን እንዴት ብዬ ልለውጠው? ለአንድ የቀበሌ ጸሐፊ ብዬ?

አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔ የአንቺ ወንድም መሆኔን፣ ይህንንም የምጽፈው እኔ መሆኔን እዚያ ስንት ሰው ያውቃል? እዚህ ሁለት ሰዎች ሻይ ቤት አጠገቤ ተቀምጠው «ዋሻው የት ነው? የማን ዋሻ ነው?» ብለው በፈገግታ ጠየቁኝ። «ተረት ነው» አልኳቸው። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ምናልባት ተራ አንባቢዎች ናቸው።

አትጨነቂ። ይህን ለማለት ነው የጻፍኩልሽ።

ትእዛዙ


ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም.

ትእዛዙ፤

ሰቆጣ ሙሉ ያውቅሃል። ስኮራብህ ለማን ሳልናገር ቀረሁ!

ፋሲካ አለፈ። ካሤን እንኳን አደረሰህ ያለው ሰው የለም፤ እኔም በአጥሩ ቀዳዳ ነው ያልኳቸው። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በራፋቸው ላይ ክብሪት ይቀመጣል፤ አንድ ቀፎ ክብሪት፣ ደፉ ላይ። ካሤ ያነሣዋል፤ በማግስቱ ሌላ ይቀመጣል። የሚጮህ የለም፣ የሚሳደብ የለም፤ ድንጋዩም ቀርቷል። ድንጋዩ ይሻል ነበር። ሁሉም የሚጠብቀው የመጨረሻውን እትም ነው። አውቶቡሱ ሲደርስ ሾፌሩን «መጣ?» ይሉታል፤ ምኑ ብሎ አይጠይቃቸውም።

ክብሪቱን የሚያስቀምጠውን ካሤ አያውቀውም። እኔ አይቼዋለሁ። ስሙን አልጽፍልህም። ባሌ ሲሞት መቃብሩን የቆፈረልኝ፣ ከእኔ ጋር ጽዋ የሚጠጣ ደግ ሰው ነው። «ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት። «እኔ ምን ላድርግ፣ ተጽፏል እኮ» አለኝ። እንዲሁ ነው ያለኝ፤ ሲናገር ዓይኑ እኔን አያይም ነበር።

አንተ ጀሌዎችህን ካሤ አፍ ውስጥ ትፈልጋቸዋለህ። እዚህ መጥተህ ብታይ፣ እርሳስ የሚልሰው አንድ ነው፤ ያንተን ቃል ጎርሶ የሚዞረው ግን ሰፈሩ ሙሉ ነው። ፈርቻለሁ። ካሤን ሳይሆን እነሱን ነው የምፈራው። ነገ ሰው ቢቃጠል የሚያነሡት ያንተን ስም ነው፤ እኔም በዚያ ስም ነው እዚህ የምኖረው።

አንተን አሳድጌ ለዚህ ነው ወይ?

እኅትህ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

እታለም፣

«ተጽፏል እኮ» ያለሽ ሰው ሌሊቱን ሁሉ ከአጠገቤ አልጠፋም። ጧት ተነሥቼ አቶ መልአኩ ዘንድ ሄድኩ። መሳቢያውን ከፍቶ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ተቆጣ፤ በኋላ ሰጠኝ። እሳቱን ቀድጄ አዲስ ጻፍኩ።

ግን ዘግይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አቶ መልአኩ ለጥያቄ ተብሎ ተጠርቶ ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ማተሚያ ቤቱም ከእንግዲህ አናትምም ብሏል። መጽሔቱ አይወጣም፤ መጨረሻውም አይመጣም። እኔ ከቤቴ ወጥቻለሁ። የት እንዳለሁ አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤሽን ለሾፌሩ ስጪው፣ እሱ ያውቃል። ስለ እኔ የሚጠይቅሽ ካለ ከፋሲካ ወዲህ ጽፎልኝ አያውቅም በይ።

መጨረሻውን በእጄ ገልብጬ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ለመሪጌታ ስጪያቸው፤ እንደ ሌላው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ያንብቡት። እሳት የያዘው ሕዝብ ጀሌው ደጃፍ ሲደርስ አንዲት ሴት ቀድማ ትገባለች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ከመሶቡ ቆርሳ ትበላለች። ሰዉ ድምፅዋ እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ አይጠፋም። ከዚያ ጀሌው ራሱ አንድ ቃል ይናገራል፤ የአውሬው ያልሆነ የራሱን ቃል። የልጁን ስም ይጠራል። በቃ፤ እዚያ ላይ ያልቃል።

ከቀድሞው ያንሳል፤ አውቃለሁ። አቶ መልአኩ ቢያየው አያለቅስም። ግን ሰው አይሞትበትም። ቶሎ አስነብቢው፣ እታለም።

ትእዛዙ


ሰቆጣ፣ ሰኔ 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

በሕይወት ካለህ ጥሩ ነው። እኔ አለሁ፤ ልጄም አለች። ካሤም፣ ማንጠግቦሽም፣ ልጆቹም፣ አሮጊቷ እናቷም አሉ። ሌላውን ከመናገሬ በፊት ይህን እወቀው ብዬ ነው።

መሪጌታ ወረቀትህን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ። «ይኸ ከመጽሔቱ አይደለም፤ እኔ አላነበውም ልጄ» አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁት፣ ልስመው ያልኩ ይመስል። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እኔው ተነሣሁ። እዚያ ቦታ ላይ ሴት ቆማ ስታነብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያቺም ሴት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ከዚያ አንዲት አሮጊት «ማነው የጻፈልሽ?» አሉኝ።

«ትእዛዙ ነው፣ እማማ።»

«ትእዛዙ የጻፈው እሳቱን ነው። ይሄ የካሤ ነው» አሉ።

ያ የነገርኩህ ሰው፣ ባለ ክብሪቱ፣ ከኋላ ሆኖ «ምላሷን ታሳየን» አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት፤ «ታሳየን፣ ታሳየን!» ከፈትኩላቸው። ደጀ ሰላም ላይ፣ ልጄ እያየች፣ እንደ ገበያ ፈረስ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ተጠግቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ታጥባው መጥታለች» አለ።

ያን ጊዜ ነው ወረቀት እንደማያድን የገባኝ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ካሤንና ቤተሰቡን በአጥሩ ቀዳዳ በእኔ ግቢ አሳለፍኳቸው። አሮጊቷን በአህያ ጫንናት። ማንጠግቦሽ ልጄን ስማ ወጣች። የት እንደሄዱ አልጽፍልህም፤ ካሤ ግን እርሳሱን የእኔ ጓሮ ጥሎ ነው የሄደ። በራቸውን ሰው እንዳለበት ቤት መልሼ ገጠምኩት፤ ለነፍስም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ ገበያ ሲበተን ቤቱ ተለኮሰ። በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ትእዛዙ። ማን ነው ብትለኝ ሁሉም እዚያ ነበር። ባዶ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሲለኩሱት ሰው ያለበት መስሏቸው ነው። አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ያለች፣ ልጆቹ ምድጃው ዳር ያሉ መስሏቸው ነው። ቆመው አዩ። ውኃ ያነሣ የለም። እኔም አጥሬ ሥር ቆሜ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ፤ ባዶ ነው ብዬ ብጮህ ማን እንዳስወጣቸው ይጠይቁኝ ነበር።

ሲበርድ አመዱን ቆፈሩት። ዐፅም አጡ። «ጀሌ አይቃጠልም፤ ወደ ሌላ ሰው ገብቶ ነው» አለ አንዱ። ማንም ስሜን አልጠራም። ዞረው አዩኝ እንጂ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኔ ቤት ፍም የሚወስድ የለም። ጠላዬ ኮምጥጦ ደፋሁት። አመተ ማርያም ምንጭ ስትደርስ ሌሎቹ እንስራቸውን ይዘው ይነሣሉ። ከወረዳ የመጡት ማን አቃጠለ አሉኝ፤ አላየሁም አልኩ። እነሱም ተያይተው ወጡ። በሁለቱም ወገን የሚያምነኝ የለም። ሌሊት ኮሽ ባለ ቁጥር ልጄን ታቅፌ በሩን አያለሁ። ትናንት ጧት ደፌ ላይ ክብሪት አገኘሁ።

የሐምሌ ሚካኤል ተራው የእኔ ነው። ጽዋውን አምጥተው ደጃፌ ጥለውት ሄደዋል። ማንም አይመጣም፤ ካልመጡ በኋላ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ ካሤ ላይ አይቼዋለሁ። ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። የጻፍካትን ሴት አንተ ራስህ ሁናት። ና። በቀን ና፤ ሰው እያየህ ግባ። በሩን ወለል አድርጌ እከፍተዋለሁ፤ ከመሶቤ ቆርሰህ ብላ፤ ከዚያ ውጣና ተናገር። ድምፅህን ያውቁታል። ሌላ የሚያድነኝ የለም።

አንተን እዚያ የሚፈልጉህ እንዳሉ አልረሳሁም። ይህን ሁሉ ረስቼ አይደለም የምጠራህ።

ለተጊዮርጊስ


ኮረም፣ ሐምሌ 10 ቀን 1992 ዓ.ም.

እታለም፣

ኮረም ደርሻለሁ። አውቶቡሱ በዝናቡ ምክንያት ዛሬ አይነሣም፤ ነገ ጧት ነው፤ በዚህ ጭቃ መንገድ ላይ አድሮ ረቡዕ ይገባል። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ለሚነሣ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ከእኔ ቀድሞ ይደርስሻል። መምጣቴን ለሰው ሁሉ ተናገሪ። መሪጌታን ደጋግመሽ ንገሪያቸው። ሚካኤል ረቡዕ ስለዋለ ሽሮም ምስርም ይበቃል፤ ብቻ ብዙ አድርጊው።

እስከዚህ ድረስ እንዴት እንደመጣሁ አልነግርሽም። አልተያዝኩም፤ ይህ ይበቃሻል። አሁን የምጽፍልሽ ሌላ ነገር ነው፤ ፊትሽን እያየሁ ልነግርሽ ስለማልችል አስቀድሜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ምሳ ላይ ከአንድ የሰቆጣ ነጋዴ ጋር አንድ ገበታ ቀረብን። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው፤ አያውቀኝም። ከፊት ከፊቴ እየገፋ አበላኝ። «ሰቆጣ ማን ዘንድ ነው?» አለኝ። «ለተጊዮርጊስ የምትባል ጠላ ሻጭ አለች፤ እሷ ዘንድ» አልኩት። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።

«ወንድሜ፣ እንግዳ ስለሆንክ ልንገርህ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷ ቤት እደር ግዴለም፤ እህል ግን እንዳትቀምስ።»

ከዚያ ነገረኝ። ግማሹ እኔ የጻፍኩት ነው፤ ግማሹን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ጀሌው ከእሳቱ በጢስ ወጥቶ በአጥሩ ቀዳዳ አንቺ ዘንድ እንደገባ፣ ልጅሽም ከምንጭ ስትጠጣ ውኃው እንደሚጠቁር። ማለልኝ፤ የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ ፈርቶልኝ ነው። እኔ ነኝ ደራሲው፣ እኔ ነኝ ወንድሟ ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣኝም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት። አመሰገንኩት እኮ፣ እታለም!

ከዚያ ወጥቼ ዳቦ ገዛሁ። ሁለት ትልልቅ ዳቦ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ አልጋ ቤቱ ሄድኩ። ጋደም ብዬ ቦርሳውን ሳየው ራሴን ጠየቅሁ፤ ይህ ዳቦ ለምንድን ነው? ከኮረም ሰቆጣ ለሚሄድ ሰው ሁለት ዳቦ ምን ያደርግለታል? ለመንገዱ አልነበረም። አንቺ ቤት ለምሰነብትበት ነው የገዛሁት። አስቤ አይደለም፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የገዛው። ጀሌን ከገዛ ራሴ አውጥቼ የፈጠርኩት እኔ፣ በጉርሻ ያሳደግሽኝ እኔ፣ የአንቺን እህል ፈራሁ።

ብዙ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባለ ክብሪቱን፣ «የካሤ ነው» ያሉሽን አሮጊት፣ መሪጌታን በየተራ ረግሜያቸው ነበር፤ አሁን ምን ብዬ እንደምረግማቸው አላውቅም። አሁንም ትንሽ እፈራለሁ። ውሸት ልነግርሽ አልፈልግም።

ዳቦውን መናኸሪያው በር ላይ ለተቀመጡት ሰጠሁት። ከአሁን ጀምሮ ምንም አልቀምስም፤ ነገም በመንገድ አልቀምስም፤ ረቡዕም አንቺ ደጅ እስክደርስ ውኃ እንኳ አልጠጣም። በሩን ክፈቺው። መሶቡን ሰው ሁሉ ከሚያይበት ቦታ አድርጊው። ርቦኝ እመጣለሁ።

ወንድምሽ ትእዛዙ